የመርሰዲሷ ወንበር፦ ከቫዝሊን ወደ ቆዳ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2

ነገሩ የጀመረው በእማዬ ነጠላ ነው። ለመስቀል ከአባባ ጋር በመኪና ዘመድ ጥየቃ ሄደው ሲመለሱ ነጠላዋ ትከሻ ላይ ቡናማ ነገር ተለጥፎ መጣ። መጀመሪያ ቡና የፈሰሰባት መስሎን ነበር። በማግስቱ ብታጥበው አልለቅ አለ። እኔ ወርጄ የመኪናዋን የፊት ወንበር በነጭ ሶፍት ጠረግ ባደርገው ሶፍቱ የሊስትሮ ጨርቅ መሰለ።

መኪናዋ በፈረንጆቹ የ1991 ሞዴል መርሰዲስ ናት፣ ደብሊው 124 የሚባለው ቅርጽ። ይህ ቅርጽ ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 90ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠራ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ሲዞር ታዩታላችሁ። አባባ ያገለገለች ገዝተዋት ስትመጣ ወንበሯ ክሬም ቀለም ነበር። ፎቶ አለን። እኔ ሕፃን ሆኜ ኋላ ወንበር ላይ ቆሜ የተነሳሁት ፎቶ ላይ ወንበሩ ሻይ በወተት ይመስላል። አሁን ወተቱ ጠፍቶ ሻዩ ቀርቷል።

ወንበሩ ችላ የተባለ አይደለም፣ ችግሩም እሱ ነው። አባባ በየዓመት በዓሉ ቫዝሊን ይቀቡታል። አንዳንዴ ግሊሰሪን። እጥበት ስትገባ ደግሞ የላቫጆ ልጆች ለዳሽቦርድ የሚረጩትን ማብረቂያ ወንበሩም ላይ ፈስስ ያደርጉበታል። የሾፌሩ ወንበር ግራ ጠርዝ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚያሸው ቦታ፣ ከዓመታት በፊት መሰንጠቅ ሲጀምር አባባ ሊስትሮ ጠርተው ቡናማ የጫማ ቀለም አስቀቡት። «ጫማም ቆዳ፣ ወንበርም ቆዳ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ነበር ያሉት። ልጁም ደስ ስላለው የተሳፋሪውን ወንበር ትከሻ ሳይቀር ጨምሮ አብርቆላቸዋል። እማዬ ነጠላ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ቅዳሜና እሑድ እየሠራሁ በየቀኑ የሆነውን እጽፋለሁ፣ የማበላሸውንም ጭምር።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ምንም አላጸዳሁም። ወንበሩ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ነው የፈለግኩት።

የዚህችን መኪና የኋላ መቀመጫ ለማንሳት ቁልፍም መፍቻም አያስፈልግም። ከፊት ጠርዙ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት የፕላስቲክ ማስለቀቂያ አለ፣ እሱን ገፋ አድርጎ መቀመጫውን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ከሥሩ የወጣው ንብረት፦ ሦስት ባለ 25 ሳንቲም፣ የእህቴ የፀጉር ማስያዣ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ግማሽ ሎሚ፣ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ፣ እና ዕጣው መቼ እንደወጣ የማይታወቅ የቶምቦላ ሎተሪ። አባባ ሎተሪውን ተቀብለው መነጽራቸውን ፍለጋ ወደ ቤት ገቡ።

መቀመጫውን ገልብጬ ጠርዙን ሳይ ነው የገባኝ። ሰው የሚቀመጥበት ፊት ከኋላው ሻካራና ጸጉራም ነው፣ እንደ ሱዊድ ጫማ። ይሄ ቆዳ ነው። ወደ ጎን ያለው ግን ከኋላው እንደ አቡጀዲ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ይሄ ቆዳ መሰል ነው፣ መርሰዲስ ራሱ ኤምቢ-ቴክስ ብሎ የሚጠራው። የፊት ወንበሮቹ ጀርባም እንደዚያው። ስለዚህ ለሃያ ዓመት «ሙሉ ቆዳ ነው» እያልን የኖርነው ግማሹ ፕላስቲክ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የኛ መኪና ብቻ ጉድ አይደለም። ቆዳ ወንበር ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ቆዳቸው መቀመጫውና መደገፊያው ፊት ላይ ብቻ ነው፣ የቀረው ተመሳስሎ የተሰፋ ነው። ደግሞ የሚገርመው ኤምቢ-ቴክሱ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ቆዳው ነው የተሰቃየው።

ከዚያ የውሃ ጠብታ ሙከራ። ቆዳው ላይ በጣት አንድ ጠብታ ውሃ ታደርጋለህ። ከጠጣው ሽፋን የሌለው ቆዳ ነው፣ ተንከባሎ ከቆመ ላዩ ሽፋን አለው። የኔ ቆመ። ግን ቆይ፣ ቫዝሊን የተቀባ ነገር ላይ ውሃ ሁሌም ይቆማል! እንጀራ ምጣድ ላይም ብትቀባው ይቆማል። ስለዚህ የራስ መደገፊያው ሥር፣ የማንም እጅ የማይደርስበት ቦታ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ እንደገና ሞከርኩ። አሁንም ቆመ። ሽፋን አለው ማለት ነው። የሾፌሩ ወንበር ስንጥቅ ላይ ያደረግኩት ጠብታ ግን ወዲያው ገባ፣ ቦታውም ጠቆረ።

ይህን ካወቁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። የአብዛኛው መኪና ወንበር ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ይረጭበታል። ስንቀመጥ የምንነካው፣ ስንቀባም የምንቀባው ሽፋኑን ነው እንጂ ቆዳውን አይደለም። ቫዝሊኑ ውስጥ አልገባም። ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ፣ ላብ፣ የጸጉር ቅባት ሲሰበስብ ኖሯል። ያ ሰው ሁሉ «ወይ ማማር!» እያለ የሚያደንቀው መብረቅ ቅባቱ ነው። አዲስ እያለ ይህ ዓይነት ቆዳ ፈዘዝ ያለ ነው፣ አያብረቀርቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የጥፋት ቀን።

ጠዋት ላቫጆ ወስጄ ውስጧን በቫኪዩም አስጠረግኩ። ልጁ ወንበሩን አይቶ «ብሮ፣ በዱቄት ሳሙናና በልብስ ብሩሽ አንዴ ብንመታው እኮ በረዶ ይሆናል» አለኝ። እምቢ አልኩ። ቆዳ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ አሲድ ያደላ ነው፣ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ5 በታች ይሆናል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ደግሞ 10 አካባቢ ነው፣ በተቃራኒው ጫፍ። በተለይ ስንጥቅ ካለ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ያጠነክረዋል። ጠንካራ ብሩሽ ደግሞ ሽፋኑን ይፍቀዋል። ይህን ሁሉ ለልጁ በሰፊው አስረዳሁት። አዋቂ ሆኜ፣ ጀነን ብዬ።

ቤት ገብቼ ምን አደረግኩ? ሱፐርማርኬት ያገኘሁትን ያንን ግድግዳ ላይ የሕፃን ስዕል የሚያጠፋ ነጭ ስፖንጅ አነሳሁ። ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ሳሙና የለው፣ ኬሚካል የለው፣ ምን ይጎዳል አልኩ። የተሳፋሪው መደገፊያ ላይ አሸት አሸት ሳደርገው እንዴት ደስ ይላል! ቡናማው ለቀቀ፣ ክሬሙ ወጣ። ቀጠልኩ። ከዚያ ስፖንጁን ገልብጬ ሳየው ክሬም ቀለም ሆኗል። ቆሻሻ ክሬም አይሆንም። የፋብሪካውን ቀለም ነው የፋቅኩት። አራት ጣት የሚያህል ቦታ ላይ የቆዳው ተፈጥሯዊ ግራጫ መሳይ ነገር ብቅ ብሏል።

ለካ ያ ስፖንጅ ሜላሚን የሚባል ነገር ነው። ሲነኩት ለስላሳ ነው፣ ሥራው ግን በጣም የደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። ግድግዳውንም የሚያጸዳው ፍቆ ነው። ለላቫጆው ልጅ ያስረዳሁትን ራሴ ብሰማው ጥሩ ነበር።

ቦታውን በፎጣ ሸፍኜ ገባሁ። አባባ አላዩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አባባ አዩ። ምንም አላሉም፣ ፎጣውን መልሰው ሸፈኑት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልትመጣ ነው። «ምን ላምጣልህ?» ስትለኝ ሌላ ጊዜ ጫማ ነበር የምለው። አሁን የቆዳ ማጽጃና ማለስለሻ፣ ለስላሳ የፈረስ ጸጉር ብሩሽ እና አንድ እሽግ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ደህና ነህ ግን?» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ዕቃው ደርሷል። ማጽጃውና ማለስለሻው ሌክሶል የሚባለው ነው፣ ሁለት የተለያየ ጠርሙስ። ማጽጃና ማለስለሻ በአንድ ላይ የሚል ነገር አልፈልግም ብያት ነበር፣ ምክንያቱም ቆሻሻውን ሳያነሱ ማለስለስ አባባ ሲያደርጉት የኖሩት ነው፣ ልዩነቱ ጠርሙሱ ላይ ብቻ ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀመርኩ፣ ግቢ ውስጥ፣ ዛፉ ጥላ ሥር። ፀሐይ ላይ መሥራት አይቻልም፣ አረፋው ሳይታሽ ይደርቃል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ ማጽጃ፣ ብሩሽ፣ የጥርስ ብሩሽ ለስፌቱ፣ ስምንት ጨርቅ።

መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ስውር ቦታ ላይ ሙከራ። ማጽጃውን በነጭ ጨርቅ የራስ መደገፊያው ሥር አሸሁ፣ ጨርቁ ላይ ክሬም ቀለም አልመጣም። ጥሩ። ለማወቅ ያህል አልኮልም በጥጥ ሞከርኩ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን። ሁለት ጊዜ ሳሸው ጥጡ ክሬም ሆነ። እሱ ተወገደ። የእስክሪብቶ ምልክት በአልኮል ይለቃል የሚሉ ሰዎች አሉ። አዎ ይለቃል፣ ከቀለሙ ጋር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማጽጃውን ወንበሩ ላይ አትረጨውም፣ ብሩሹ ላይ ታደርገውና አረፋ እስኪያወጣ በእጅህ መዳፍ ላይ ታሸዋለህ። ከዚያ አንድ እጅ የሚያህል ቦታ ብቻ ትይዛለህ። ክብ ክብ እያደረግክ፣ ሳትጫን፣ ብሩሹ ራሱ እንዲሠራ ትተወዋለህ። አረፋው ሲጠቁር ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ታነሳለህ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ትከተላለህ። ቆሻሻውን የምታወጣው በጨርቁ ነው። አሽተህ ከተውከው እዚያው ስንጥቁ ውስጥ ተመልሶ ይተኛል።

የመጀመሪያው ጨርቅ ላይ የወጣውን ብታዩ! አተላ ነው፣ የጠላ አተላ፣ ቀለሙም ውፍረቱም። ሁለተኛው ዙር ላይ ደግሞ ጨርቁ ያዳልጣል፣ ቫዝሊኑ ነው። ቅባት በአንድ ዙር አይለቅም። አንዱን ቦታ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። የሳፋውን ውሃ ስድስት ጊዜ ደፋሁ። እማዬ ከበረንዳው ሆና ስታየኝ ቆይታ «ይሄ ሁሉ እኛ ላይ ነበር የሚቀመጠው?» አለች። በትክክል ለመናገር እኛ ነን የተቀመጥንበት፣ ግን ገባኝ።

ስፌቱ ላይ የጥርስ ብሩሽ የግድ ነው። ክሩ ቡናማ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ነጭ ነው። መርፌው የገባባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ የተጠራቀመው አቧራ ከቅባቱ ጋር ጠጥሮ እንደ ሰም ሆኗል፣ እሱን አንድ በአንድ ማውጣት ጀርባ ይገድላል። አንዱን የፊት መቀመጫ ስፌት ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ።

የሊስትሮው ቀለም ከሁሉ ከባዱ ሆነ። የጫማ ቀለም ሰምና ቀለም ነው፣ ውሃ ያለበት ማጽጃ ቶሎ አይደፍረውም። ሞቅ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ አስቀምጬ ሰሙ ለስለስ ሲል በማጽጃ ማሸት፣ እንደገና፣ እንደገና። የተሳፋሪው ወንበር ትከሻ ላይ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ነጭ ጨርቅ ነጭ ሆኖ መጣ። የሾፌሩ ጠርዝ ላይ ግን ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ቆዳውን ራሱን አቅልሞታል። እሱ አይወጣም። የሚሸፈን ነገር ነው።

አስር ሰዓት ላይ አቆምኩ። ሁለቱ የፊት ወንበሮች አልቀዋል። ኋላውን ነገ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ኋላው ወንበር ቀላል ነበር፣ በሁለት ሰዓት አለቀ።

ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን የደረቁትን የፊት ወንበሮች ለማየት አባባ በጠዋት ወረዱ። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ክሬሙ ተመልሷል፣ ፎቶው ላይ ያለው ወተት መጥቷል። አባባ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «አደረቅከው» አሉኝ።

«አልደረቀም አባባ፣ ንጹሕ ስለሆነ ነው።»

«ድሮ ያበራ ነበር። አሁን ፈዘዘ። ቆዳ ቅባት ይፈልጋል ልጄ። እኛ አገር ኮርቻና ልጓም በቅቤ ነው የሚታሸው። የአባቴ ኮርቻ ከሳቸው በኋላ እኔንም አገልግሏል።»

በዚህ ላይ አባባን መከራከር አይቻልም፣ ምክንያቱም ስለ ኮርቻው ልክ ናቸው። ኮርቻው፣ ስልቻው፣ የአልጋው ጠፍር፣ እነዚህ ሁሉ ምንም ሽፋን የላቸውም። ክሮቹ ክፍት ናቸው፣ ቅቤውን ይጠጡታል፣ ቅቤውም በክሮቹ መካከል ገብቶ አንዱ ባንዱ ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ቆዳ የሚተጣጠፈው ለዚህ ነው። ቅባቱ ሲያልቅ ክሮቹ ይጣበቃሉ፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። አያቴ ይህን የሚያውቁት ማንም ሳይነግራቸው ነው።

«የኛ ወንበር ግን ካፖርት ለብሷል» አልኳቸው። «ካፖርቱ ላይ ቅቤ ቢቀቡ ሰውየው አይጠግብም።»

አባባ ሳቁ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ወንበር ዞረው ስንጥቁ ላይ ጣታቸውን አደረጉ። «እሺ፣ ካፖርቱ የተቀደደበትስ?»

መልስ አልነበረኝም። ልክ ናቸው። ውሃ ጠብታዋም ይህንኑ ነበር የነገረችኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ማለስለሻ። አባባ አጠገቤ ወንበር ይዘው ተቀምጠው ነው የሠራሁት።

ኤምቢ-ቴክሱን አልነካሁትም። ፕላስቲክ ማለስለሻ አይጠጣም፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። ሽፋኑ ደህና የሆነ ቆዳ ላይ በጣም ስስ አድርጌ፣ ለአንድ መቀመጫ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም፣ ጨርቅ ላይ አድርጌ ነው ያሸሁት። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ብዙ ለውጥ አላየሁም፣ አልጠበቅኩምም። ትንሽ ልስላሴ፣ ሲነኩት ደስ የሚል ስሜት። በስፌቱ ቀዳዳና በጥቃቅን መጨማደዶቹ በኩል ጥቂት ይገባ ይሆናል፣ የቀረው ላዩ ላይ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከሰዓታት በኋላ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ማንሳት አለብህ። ካላነሳህ አዲስ ቫዝሊን ቀባህ ማለት ነው፣ ዋጋው ውድ የሆነ።

የሾፌሩ ጠርዝ ስንጥቆች ግን ጠጡ። የቀባሁት በዓይኔ ፊት ገባ። ሌላ ጨመርኩ፣ እሱም ገባ። ማታ ለሦስተኛ ጊዜ ቀባሁና ሌሊቱን አሳደርኩት። ጠዋት ስጫነው የስንጥቁ ጠርዝ እንደ ድሮው እንደ ቆርቆሮ አይቆረቁርም፣ ይታጠፋል። አባባ ምንም ሳይሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዓለም ላይ «ብዬህ ነበር» ማለት በጣም የሚከብዳቸው አባት የኔ ናቸው፣ ስለዚህ እኔ ልበልላቸው፤ ብለውኝ ነበር።

ማለስለሻ ስንጥቅን አይዘጋም። ያለውን እንዳይብስ ያደርጋል እንጂ የተቀደደ ቆዳ ተመልሶ አይገጥምም። ጠርሙሱ ላይ ሌላ ነገር የሚጻፍ ካለ አትመኑ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

የመኪና ወንበር የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ መርካቶ አካባቢ ሄድኩ። ወንበሩን ነቅዬ አይደለም፣ መኪናዋን ይዤ። አንዴ ተመለከቱና «ይሄን ቁራጭ አውጥቼ በአዲስ ቆዳ ልተካልህ» አሉኝ። ቆዳ አውጥተው አሳዩኝ፣ በጣም የሚያምር የበግ ቆዳ፣ እንደ ሐር የሚለሰልስ።

«ጋሼ፣ ይሄ አይሳሳም?»

ፈገግ አሉ። «ይሳሳል። ግን ደንበኛ ሲነካው ይወደዋል።»

የኢትዮጵያ በግ ቆዳ በዓለም ላይ ስሙ የታወቀው በጓንት ነው፣ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ። ለጓንትና ለጃኬት እሺ። ለመኪና ወንበር ግን የከብት ቆዳ ነው፣ አንድ ሚሊሜትር ወይም ትንሽ ወፈር ያለ፣ በቀን አሥር ጊዜ የሱሪ ስፌት የሚያሸውን ነገር መቋቋም አለበት። ሽማግሌው ይህን ከኔ በላይ ያውቃሉ። መጨረሻ ላይ እሳቸው ራሳቸው «ባይነካ ይሻላል፣ ስፌቱ የፋብሪካ ነው፣ አንዴ ከፈታሁት እንደዚህ አይመለስም» አሉኝ። ሥራ አጥተው እውነቱን ነገሩኝ። ከሳቸው የገዛሁት በውሃ የሚሟሟ የቆዳ ቀለም፣ ትንሽ ስንጥቅ መሙያ እና ፈዛዛ የላይ መከላከያ ነው።

ማስቲሽ ብጠቀምስ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ማስቲሽ ለጫማ ሶል ነው። እዚህ ሲደርቅ ይጠጥርና ጎን ለጎን ሌላ ስንጥቅ ያወጣብሃል።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሐሙስ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነበር። መስኮቶቹን ዘግቼ፣ ላስቲክ ሸፍኜ ነው ያሳለፍኩት። እንደዚህ ለፍቼ ወንበሩ ቆሻሻ ቆሻሻ እንዲሸት አልፈልግም።

ዛሬ ቀለም። አልኮሉ አሁን ሥራ አገኘ፤ ከመቀባት በፊት ቅባትና ማለስለሻ ማንሳት ስላለበት የሾፌሩን ጠርዝና እኔ ያበላሸሁትን አራት ጣት ቦታ በአልኮል ጠረግኩ። ስንጥቁን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አደረግኩ፣ መሙያውን በስሱ ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ እየደረቀ።

ቀለም ማመሳሰል እንዲህ ከባድ መሆኑን ማን ነገረኝ? ክሬም ማለት ነጭ ትንሽ ቢጫ የጨመረ ይመስላል። አይደለም። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቡናማ፣ እና የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር። ጥቁሯ ትንሽ ስትበዛ አመድ ይሆናል። እርጥብ ሆኖ የተመሳሰለው ሲደርቅ ይጠቁራል። አንድ ነጥብ በስውር ቦታ እየቀባሁ፣ በእህቴ ፀጉር ማድረቂያ እያደረቅኩ፣ እያየሁ፣ እየጣልኩ፣ አምስተኛው ቅይጥ ላይ ደረስኩ። እህቴ መጥታ ቆማ ስታይ ቆይታ «ቢጫ ጨምር» አለች። ጨመርኩ። ልክ ሆነ። ስድስት ቅይጥ በሉት።

በብሩሽ አይደለም የሚቀባው፣ መስመር ያወጣል። በስፖንጅ ቁራጭ ጠብ ጠብ እያደረጉ ነው። ስስ አምስት ድርብ፣ ከዚያ ፈዛዛ መከላከያው ሁለት ድርብ። አራት ጣቷ ጠፋች። እኔ ካላሳየኋችሁ አታገኟትም። የሾፌሩ ጠርዝ ግን በፀሐይ ብርሃን ሰያፍ ስታዩት የስንጥቁ ጥላ አለ። ይሁን። ከ30 ዓመት በላይ የሆናት መኪና ናት።

ለሁለት ቀን ማንም እንዳይቀመጥ ብዬ ቁልፉን ደበቅኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። እማዬ አዲሱን ነጠላ ለብሳ ወጣች፣ ሆን ብላ ነው መሰለኝ። ፊት ለፊት፣ ያው ወንበር ላይ። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስትወርድ ከኋላዋ ሄጄ ትከሻዋን አየሁት። እሷ ደግሞ እኔን እያየችኝ «እህ?» አለች። ምንም የለም። ነጭ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ከተቀባ ሦስት ሳምንት ሆነው። ቀለሙ አልተላጠም። ጠርዙ አካባቢ አባባ ሲወርዱ የሚያሹት ቦታ ትንሽ አብረቅረቅ ማለት ጀምሯል፣ ያ ማለት የሱሪ ቅባት ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሳብሰው ጠፋ። ከእንግዲህ ሥራው ይሄ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ እርጥብ ማይክሮፋይበር፣ በዓመት ሁለቴ ያህል ማጽጃ፣ ማለስለሻ ስንጥቁ ላይ ብቻ ሲደርቅ ሲታይ። ከሁሉ በላይ ግን ጥላ። በጋው ገብቷል፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታው ላይ ያለርኅራኄ ነው የሚወርደው፣ በተዘጋ መስታወት ውስጥ ወንበሩን እንደ ቋንጣ ያደርቀዋል። ለፊት መስታወቱ መጋረጃ ገዝቻለሁ። አባባ ሁልጊዜ መዘርጋት ይረሱታል።

ዛሬ ጠዋት ወንበሩን ስጠርግ ከተሳፋሪው ፊት ያለውን መሳቢያ ከፈትኩ። አዲስ ቫዝሊን፣ ትልቁ ቆርቆሮ።

«አባባ!»

«ለእጄ ነው» አሉ።

እጃቸውን አየሁት። እውነትም በብርዱ ተሰነጣጥቋል። ቆርቆሮውን ሰጠኋቸው፣ በደንብ ተቀቡ፣ መዳፋቸውን አሹ፣ ሞተሩን አስነሱና መሪውን ጨበጡ።

መሪውም ቆዳ ነው።